ልጆቻችን ሥዕል ሲማሩ የወላጆች ድርሻ

(በማትናስ በተደረገ የወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



  በዚህ አዳራሽ ብዙ ጊዜ የተሰበሰብነው ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ሥራና ስለ ቀሩት ዘመዶቻችን ለመነጋገር ነው። ዛሬ ግን የጠራናችሁ ልጆቻችሁ በየሳምንቱ ማክሰኞ ማታ ከእኛ ጋር ስለሚማሩት ሥዕልና የሥነ ጥበብ ታሪክ ልንነግራችሁ፣ እርዳታችሁንም ልንጠይቅ ነው።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ሁለት ጥያቄ አቅርባችሁልናል። አንደኛው «ልጄ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ደክሞ ሳለ ሥዕል ምን ያደርግለታል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እኛ ከስልክ አላቅቁልን እያልን፣ እናንተ ኮምፒዩተር ፊት ታስቀምጧቸዋላችሁ ወይ?» የሚል ነው። ሁለቱም የወላጅ ጥያቄዎች ናቸውና ልንመልስ ይገባናል። ከመመለሳችን በፊት ግን አንድ የደረሰብንን ነገር እናጫውታችሁ።

አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቤተሰቧ ወይም ከቤተሰቧ አገር ስለ አንድ የጥበብ ሰው ጽፋ እንድታመጣ በትምህርት ቤቷ ታዘዘች። ልጅቷ በዕብራይስጥ አንዲት መስመር ብቻ ጻፈች፦ «በእኛ ቤት የጥበብ ሰው የለም»። ወረቀቱን ይዛ ወደ እኛ መጣች። ከጥቂት ቀን በኋላ ቤታቸው ሄደን ቡና ጠጣን። ከበላያችን ግድግዳው ላይ አያቷ የሰፏቸው ሦስት ሰፌዶች ተሰቅለዋል። ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ የሚሰፋው መስመር፣ ቀለሙ እየተቀያየረ፣ ዳር ሲደርስ አንድም ጥርስ ሳይጎድል ይገጥማል። አያቲቱ ይህን የሠሩት በወረቀት ሳይነድፉ፣ በራሳቸው ቆጥረው ነው። ልጅቷ አልዋሸችም። ያ ነገር ጥበብ እንደሚባል የነገራት ሰው አልነበረም፤ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ሆኖባት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ። ሥዕል የሒሳብን ትምህርት ይተካል አንልም። ሒሳብ የደከመ ልጅ የሒሳብ እርዳታ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሥዕል ስንል ጊዜ ማሳለፊያ እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቹ ልጆች የሰው ፊት ሲስሉ ዓይንን ግንባር ላይ ያስቀምጡታል። በእርሳሳቸው እንዲለኩ ስናደርግ ግን ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ካለው ርዝመት እኩሌታው ላይ መሆኑን በራሳቸው ይደርሱበታል። የአንድ አዋቂ ሰው ቁመት የራሱን ጭንቅላት ሰባት ጊዜ ያህል ወይም ጥቂት በልጦ እንደሚሆንም እንዲሁ እየለኩ ያገኙታል። ይህ ማየትንና መለካትን መማር ነው። ከዚህም በላይ ኦማኑትን በሚያስተምሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጁ በአምስት ይሒዶት ለባግሩት ሊፈተንበት ይችላል፤ ሕንፃ መንደፍ፣ ፊልም መሥራት፣ ልብስና ዕቃ መንደፍ የሚሉት ሙያዎች ሁሉ የሚጀምሩትም ከእርሳስ ነው።

ስለ ኮምፒዩተሩም እንንገራችሁ። የአንድ ማታ ትምህርታችን እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አንድ ሥዕል በግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር እናሳያለን። ለአሥር ደቂቃ ማንም እርሳስ አይነካም፤ ይመለከታሉ። ብርሃኑ ከየት መጣ? ማን ማንን ያያል? ሠዓሊው ምን ተወ? እያልን እንጠይቃለን። ከዚያ እናጠፋዋለን። ልጆቹ ያዩትን ከአእምሯቸው ይስላሉ። ቀጥሎ መልሰን እናበራለን፤ ምን እንደ ረሱ፣ ምን እንደ ጨመሩ ራሳቸው ይፈርዳሉ። በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ እውነተኛ ነገር፣ ጀበና ወይም ጫማ ወይም የጓደኛቸውን እጅ፣ ፊት ለፊት አድርገው ይስላሉ። ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ከሰዓታችን ጥቂቱን ብቻ ነው። ስልክን መስኮት ላይ ለጥፎ በላዩ መገልበጥ ግን በእኛ ዘንድ አይፈቀድም፤ እጅ ይሠራል፣ ዓይን ግን ይተኛልና።

ታዲያ ኢንተርኔቱ ለምን አስፈለገ? መጽሐፍ አይበቃም ወይ? ትላልቅ የሥዕል መጻሕፍት ዋጋቸው ውድ ነው፤ ሙዚየም ለመሄድም የአውቶቡስና የመግቢያ ወጪ አለበት። በሌላ በኩል በ2012 የአምስተርዳሙ ራይክስ ሙዚየም በርካታ ሥዕሎቹን ማንም ሰው በነጻ ወስዶ እንዲጠቀምባቸው በኢንተርኔት ከፍቷል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም በ2017 የ375,000 ያህል ሥራዎችን ፎቶግራፍ እንዲሁ ለሕዝብ ለቋል። በኢየሩሳሌም የሚገኘው፣ በ1965 የተከፈተው የእስራኤል ሙዚየምም ስብስቡን በኢንተርኔት ያሳያል። ሀብታም ልጅ የሚያየውንና የእኛ ልጅ የሚያየውን በዚህ ረገድ እኩል ማድረግ ይቻላል ማለት ነው።

እግራችን ጨርሶ የማይደርስበትም ቦታ አለ። በሶርያ በኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ ዱራ ኤውሮፖስ በተባለች ጥንታዊ ከተማ በ1932 አንድ የአይሁድ ምኩራብ ተቆፍሮ ወጣ። ግድግዳው በሙሉ በ3ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በተሳሉ ሥዕሎች የተሸፈነ ነበር። ሙሴ አለበት፤ አስቴርና መርዶክዮስም አሉበት። ሥዕሎቹ የሚገኙት በደማስቆ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ልጆቻችንን በአውቶቡስ ጭነን ወደ ደማስቆ መሄድ አንችልም። በግድግዳችን ላይ ግን አስቴርን ከነዙፋኗ አይተዋታል።

በዚሁ ላይ አንድ አባታችን የጠየቁንን ማንሣት ይገባል። «በመስጊዳችን ሥዕል አልነበረም። ኦሪትም የተቀረጸ ምስል ለአንተ አታድርግ ትላለች። ልጆቹን ምን እያስተማራችኋቸው ነው?» ብለዋል። እኛ ሕግ ልናስተምር አልተነሣንም፤ ያ የቄሶቻችን ድርሻ ነው። ያገኘነውን ግን እንናገራለን። ትእዛዙ የሚከለክለው ሰግዶ ማምለክን መሆኑን ብዙ ሊቃውንት አስተምረዋል፤ የዱራ ኤውሮፖስ አይሁድም ግድግዳቸውን በሥዕል ሞልተው ይጸልዩ ነበር። ደግሞም በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ማደሪያውን እንዲሠሩ የተመረጡት ጠቢባን በስማቸው ተጠርተዋል። አንዱ ከይሁዳ ነገድ የሆነው ባስልኤል ነው፤ በ1906 በኢየሩሳሌም የተመሠረተው የበጻልኤል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተሰየመው በእርሱ ነው። ሁለተኛው ግን ኤልያብ ነው፤ ነገዱም ዳን ነው። ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ናቸው ብለው መወሰናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን ስንነግራቸው አንድ ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ «እንግዲያው ኤልያብ ዘመዳችን ነው!» አለ። ሳቅን፤ ነገር ግን በዚያ ማታ ከሁሉ በላይ የሠራው እርሱ ነበር።

ወደ ቤት አልፋ ደግሞ በአውቶቡስ ሄደናል። በዚያ በ6ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የምኩራብ ወለል ሞዛይክ አለ። በ1928 መጨረሻ የኪቡጽ ሰዎች የውኃ ቦይ ሲቆፍሩ አገኙት። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋው ቢላዋ ይዞ፣ በጉም ታስሮ ይታያል። አሳሳሉ ቀላል ነው፤ የሕፃን ሥዕል ይመስላል። ልጆቻችን ወደዱት። በመግቢያው ላይ ያለው ጽሑፍ የሠሪዎቹን ስም ይናገራል፤ ማርያኖስና ልጁ ሐኒና ይባላሉ። አባትና ልጅ በአንድ ወለል ላይ አብረው ሠርተው፣ ስማቸው ይኸው ከ1,400 ዓመት በላይ ቆየ።

አሁን ስለ ቀለም ጥቂት እንበል። በጋን ያሉ ሕፃናት «ፀባ ጉፍ»፣ ማለትም «የሰውነት ቀለም» የሚሉት እርሳስ አለ። ሮዝ የመሰለ ቀለም ነው። የእኛም ልጆች ራሳቸውንና እናታቸውን ሲስሉ ያንኑ ያነሣሉ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ስሙ እንዲያ ስለ ሆነ ነው። እኛ ልጆቹን አልተቆጣንም። እጃቸውን በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው በመስኮት ብርሃን እንዲያዩት አደረግን። የእጅ ጀርባና መዳፍ አንድ ቀለም አይደሉም፤ በጣቶች መካከል ያለው ጥላም ሌላ ነው። ከዚያ በኢንተርኔት በዘ ሄግ ከተማ በማውሪትስሃውስ ሙዚየም የሚገኘውን፣ ሬምብራንት በ1661 የሳለውን የሁለት አፍሪካውያን ሥዕል አሳየናቸው። አቅርበን ስናየው በፊታቸው ላይ የአፈር መልክ ያላቸው ብዙ ቡናማ ቀለማት ተደራርበው ይታያሉ። ልጆቹም ብጫ፣ ቀይ፣ ቡናማና ጥቂት ሰማያዊ እየቀላቀሉ የየራሳቸውን አገኙ። ስም እንዲያወጡለት ስንጠይቃቸው ግን በዕብራይስጥ ቃል አጠራቸው። ያን ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት «ጠይም በላት፤ ያችኛዋ ቀይ ዳማ ናት» ብለው መለሱ። ልጆቹ እየተቀባበሉ ቃሉን ተማሩት። ኮምፒዩተሩ ያልነበረውን እኚያ እናት ነበራቸው።

ዋናው የጠራናችሁበት ጉዳይ የሚከተለው ነው። አንድ ማክሰኞ ልጆቹ ከጎንደር የመጡ የጥበብ ሥራዎችን በኢንተርኔት ይፈልጉ ነበር። በአንድ የውጭ አገር ሙዚየም መዝገብ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር የሸክላ ምስል አገኙ። ከሥሯ እንዲህ ተጽፏል፦ የተሠራችበት፣ ሸክላ፤ ቦታው፣ ጎንደር አጠገብ ወለቃ፤ ሕዝቡም እኛ በማንወደው በዚያ በድሮ ስም ተጠርቷል። «ሠሪ» በሚለው ቦታ ላይ ግን «ያልታወቀ» ይላል። ዋጋዋ፣ ቁመቷ፣ የገዛው ሰው ስም ሳይቀር ተመዝግቧል።

የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት ባልቴት በበሩ ቆመው ነበር። ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። አንገቷ ለብቻው ተሠርቶ እንደ ተለጠፈ በጣታቸው አሳዩን፤ መስመሩ እውነትም ይታያል። ጥቁረቷም ትኩስ ሳለች በጭድ ተሸፍና ከጭስ የመጣ መሆኑን ነገሩን። ቀጥለውም «ፈረንጁ ሲገዛት ስሟን አልጠየቃትም?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ልጆቹ ግን የልጅ ልጃቸውን ዘወር ብለው አዩት፤ እርሱም አያቱ ሸክላ እንደሚያውቁ ያን ማታ ገና ሰማ። ለምን እንዳልነገሩት ስንጠይቃቸው «ምን ብዬ? ስድባችን ነበር እኮ» አሉ።

አባቶችና እናቶች፣ ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ርስት የተነፈገ ወገናችን በብረት፣ በሸማና በሸክላ ሥራ ኖረ። ማረሻውንና ምጣዱን ከእኛ እየገዙ፣ መልሰው «ቡዳ» እና «ጠይብ» አሉን። «ጠይብ» የሚለው ቃል ግን የመጣው «ጠቢብ» ከሚለው ነው። ኦሪት ባስልኤልንና ኤልያብን የጠራችበት ስም ለእኛ ስድብ ተደረገብን። ስድቡን ሸሽተን ዝም አልን፤ ልጆቻችንም ዝምታውን ወርሰው «በእኛ ቤት የጥበብ ሰው የለም» ብለው ይጽፋሉ። ሙዚየሙም «ያልታወቀ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ናቸው።

ሙዚየሙ ያላወቀውን ከእኛ በቀር ሊነግረው የሚችል የለም። የሚያውቁት ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። በየዓመቱ ከመካከላችን እየተለዩን መሆናቸውን መንገር አያስፈልገንም። ስለዚህ ከእናንተ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ልጃችሁን ለዚህ ትምህርት ስትልኩ አንድ ማክሰኞ አብራችሁት ኑ። ዕብራይስጥ ማንበብ አያስፈልጋችሁም፤ ሥዕል ለማየት ፊደል አይጠየቅም። ልጁ የተጻፈውን ያነብላችኋል፤ እናንተ ያያችሁትን ትነግሩታላችሁ።

ሁለተኛ፣ በቤታችሁ በእጅ የተሠራ ነገር ካለ፣ ሰፌድም ሆነ መሶብ፣ ጥልፍም ሆነ ጀበና፣ ይዛችሁልን ኑ። አንወስድባችሁም። ልጆቹ ይስሉታል፤ ከመስኮት አጠገብ ያለ ማስመሪያና ያለ ጌጥ ሳይሆን፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገን ፎቶግራፍ እናነሣዋለን። ከዚያ ልጁ በአማርኛና በዕብራይስጥ ይጽፋል፦ የሠሪዋ ስም ከነአባቷ ስም፣ መንደሯ፣ የተሠራበት ጊዜ፣ አክርማውም ሆነ ሰንደዶው ወይም ጭቃው ከየት እንደ መጣ፣ ይህንንም የተናገረው ማን እንደ ሆነ። ሙዚየሞች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። በየትኛውም የኢንተርኔት ገጽ ላይ የምናወጣው ግን እናንተ ስትፈቅዱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችሁ በቤት ኢንተርኔት ሲከፍቱ የምንላቸውን እናንተም በሉልን። ሥዕል ሲፈልጉ ወደ ሙዚየሙ ወደ ራሱ ገጽ ይግቡ። ዛሬ ኮምፒዩተር ራሱ የፈበረካቸው፣ የማንም እጅ ያልሠራቸው ሥዕሎች ከእውነተኞቹ ጋር ተቀላቅለው ይወጣሉ። ሠሪው፣ ዓመቱና የሚገኝበት ቦታ ያልተጻፈበትን ሥዕል አትመኑ በሏቸው። መጠኑንም ያንብቡ። ሬምብራንት የራሱን ፊት በ1630 በ5 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ ያተመው አለ፤ ያው ሬምብራንት በ1642 የጨረሰው «የሌሊት ዘብ» የሚባለው ሥዕል ደግሞ ቁመቱ 3.8 ሜትር፣ ወርዱ 4.5 ሜትር ያህል ነው። በስልክ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው። እኛ መጠኑን በግድግዳ ላይ በፕላስተር ምልክት እያደረግን እናሳያቸዋለን፤ እናንተም በክንዳችሁ ለክታችሁ ልታሳዩአቸው ትችላላችሁ።

የእኒያን ልጅ ወረቀት ነገር ሳንጨርስ አንለያይ። ልጅቷ የቤት ሥራዋን መልሳ ጻፈች። የአያቷን ስም ከነመንደራቸው አስፍራ፣ ወስፌ እንዴት እንደሚያዝ፣ ስፌቱ ለምን ከመሐል እንደሚጀመር አስረዳች፤ ሰፌዱንም በእርሳስ ሳለችው። ዳሩ አልገጠመላትም፤ ሁለት ጥርስ ተረፈ። አያቷ ወረቀቱን አይተው «ስትቆጥሪ ተቻኩለሻል» አሏትና አጠገባቸው አስቀምጠው እንደገና አስቆጠሯት።

እኛም ከእናንተ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። የሚመጣው ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በዚሁ ክፍል እንጠብቃችኋለን። ቡና በእኛ ነው፤ ዕቃውን በነጠላ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሠሪዋንም ስም እንዳትረሱ።